የተቆረጠችው ድመት

እኛ አገር፣ ጉምቢ ወንዝ ዳር፣ ዳኛ ሲያዳላ ሰው አይጮህም። ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና አንዲት አባባል ጣል አድርጎ ይሄዳል። ኳስ ሜዳ ላይ ዳኛው የጓደኛውን ጥፋት አላየሁም ሲል ትባላለች። መሬት ሲለካ ገመዱ ወደ ዘመድ በኩል ሲረዝም ትባላለች። ወንድሜ ወተት ደፍቶ እናቴ እኔን ስትቆጣ እኔም አንድ ቀን ብያታለሁ፤ የሰጠችኝን መልስ ግን እዚህ መጻፍ አልችልም፣ በእጅ ነበር።

ታዲያ አባባሏ ከየት መጣች ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም «የጥንት ሰው ተናግሯት ነው» ይላል። የጥንት ሰው ስም የለውም? ሥራ ፈትቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አባባል ሲፈለፍል የሚውል ነው የሚመስላቸው። አባባል እንዲያ አይወለድም። አንዱ ሲበደል፣ ሌላው እያየ ዝም ሲል፣ ነገሩ ጉሮሮ ላይ ቆሞ አልወርድም ሲል ነው የሚወለደው። የኛዋም እንደዚያ ናት። እኔ የሰማሁት ከአክስቴ ከየሺመቤት ነው፤ እሷ ደግሞ አብረዋት ወርቅ ሲያጥቡ ከኖሩ አሮጊቶች። እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ፤ ደሜ ሲፈላ ትንሽ ብጨምርበት ቻሉኝ።

ነገሩ የሆነው የመኪና መንገድ ሳይኖር፣ ብር እዚህ ወንዝ ዳር ሳይደርስ በፊት ነው። ጉምቢ አሸዋ ውስጥ ወርቅ አለ የሚል ወሬ ወጣና ሰው ጎረፈ። ከጎጃም መጣ፣ ከሸዋ መጣ፣ የአገሩ ሰውም ከኮረብታው ወረደ። ሁሉም ወርቅ አለው፤ ገንዘብ ያለው ግን የለም። አስቡት እስቲ፣ ወርቅ ታቅፎ ጨው ያማረው ሕዝብ!

ግብይቱ በቁንጥር ነበር። ወርቁ ዱቄት ነው፤ በአሞራ ላባ ቀፎ ውስጥ ይሞላና አፉ በሰም ይደፈናል። ጨው የፈለገ ላባውን ይከፍታል፣ ነጋዴው በሁለት ጣቱ አንዴ ይቆነጥርና አሞሌውን ይሰጠዋል። በማን ጣት? በነጋዴው! ወደ ጉምቢ ጨው ይዞ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ እንደ ተመረጠ አውራ ጣቱ ወፍራም ነበር። ጥፍሩን የሚያሳድግ ነበረ፣ ጣቱን በምራቁ የሚያርስ ነበረ። አንዱማ እጁን የታጠበበትን ውሃ አይደፋም ነበር ይባላል፤ ያጠልለውና ከሥሩ ወርቅ ይለቅማል። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ወገባቸውን ሰብረው ያጠቡትን እሱ እጁን ታጥቦ ያገኘዋል።

በዚህ መሃል ነው ጠናጋሻው የሚባል ሰውዬ በበቅሎ ከተፍ ያለው። ነጋድራስ ነኝ ይላል። ማን እንደሾመው የጠየቀ የለም፤ ካባ ለብሷል፣ በቃ። ወናፍ፣ የሸክላ ማቅለጫ፣ ትንሽ ሚዛንና አንድ የብረት ማኅተም ይዟል። ገበያው መሃል ቆመና በርሜል በሚያክል ድምፅ፣

«ወገኖቼ!» አለ። «እስከ መቼ የሰው አውራ ጣት ይዘርፋችኋል? ዱቄታችሁን አምጡልኝ! አቅልጬ፣ አድቦልቡዬ፣ ማኅተሜን መትቼ እሰጣችኋለሁ። አንዷ ከአንዷ አትበልጥ፣ አንዷ ከአንዷ አታንስ። መቆንጠር ቀረ! ለከሰልና ለወናፍ ትንሽ አስቀራለሁ፣ ሌላው የእናንተው ነው።»

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። መጥፎ ሐሳብ ይዞ ቢመጣማ ማን ይሰማው ነበር?

ማኅተሙ አንበሳ ነው ተብሎ ነበር። የቀረጸው ሰው ግን አንበሳ በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጎፈሩ አልወጣለትም፣ ጆሮዎቹ ቀጥ ብለዋል፣ ጺሙ እንደ ድርና ማግ ግራና ቀኝ ተወጥሯል። የመጀመሪያዋ ክብ ወርቅ ተመትታ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር አንዲት ሴትዮ አየት አደረገቻትና፣

«ውይ፣ ድመት!» አለች።

«አንበሳ ነው!» አለ ነጋድራስ ጠናጋሻው።

«እሺ ጌታዬ፣ አንበሳ ይሁን። አይጥ ይይዛል?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወርቋ ስም ድመት ሆነ። «በጉ ስንት ነው?» «ሁለት ድመት።» «አንድ ድመት ከአንድ ላባ ልስጥህ?» «ተይ እንጂ እታለም፣ ድመቶቹን ሙሉ አድርጊያቸው!» ልጆች በደጁ ሲያልፉ «ሚያው» ይሉ ነበር፤ ነጋድራስም መጀመሪያ በጅራፍ ሲያባርራቸው ቆየና በኋላ ለመደው። ለምን አይለምደው? ስሙን ይጥሩት እንጂ ወርቁን ያምጡለት።

ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛ፣ ከእሱ ሚዛን በቀር ሌላ ሚዛን ገበያው ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ድመት አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ አይፋቅም። «የተቆረጠች ድመት የሞተች ድመት ናት» ይላል። «እኔም አልቀበላት፣ ማንም አይቀበላት።» ለምን ያለው የለም። ሰው የተመቸው ጊዜ ለምን የሚለውን ቃል ምን እንደሚያደርገው አላውቅም፤ ከአሮጌ ጫማው ጋር ይጥለው ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ድመቶች እውነተኛ ወርቅ ነበሩ። እሱን መካድ አይቻልም። እየቆየ ግን ቀለል እያሉ መጡ። «ጌታው፣ ይቺ ድመት አልከሳችም?» ያለው ሰው ነበረ። «የበሰለ ወርቅ ይቀላል!» ብሎ መለሰለት። «ጉድፉ ተቃጥሎ ወጣ። አንተ ጉድፉን ነው የምትፈልገው?» ሰውዬውም ጉድፍ ፈላጊ እንዳይባል አፍሮ ሄደ።

እንግዲህ ድመቷ ያልገባችበት ቤት ጠፋ። ጥሎሽ በድመት ሆነ፣ የደም ካሳ በድመት ሆነ። መንደሩን የሚዳኙት ሦስት ሽማግሎች ደግሞ ከሰው ሁሉ በለጡ። ታናሹ ግራዝማች ወንድይራድ ሲሆኑ፣ ነጋድራስ በየበዓሉ እጅ መንሻ እያለ ድመት ያስይዛቸዋል። መካከለኛው ኦቦ ዲንሳ ልጃቸውን ሲድሩ ጥሎሹን የተቀበሉት በድመት ነው። ታላቁ አባ ቢራቱ ጉልበታቸው ደክሞ ከብት መጠበቅ ሲያቅታቸው፣ በረታቸውን ሙሉ ሸጠው ዋጋውን በድመት ቆለፉት። ሦስቱም የሳጥን ቁልፋቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ይዞሩ ነበር። ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሁለቱ ሴቶች እንምጣ። አንዷ ደብሪቱ ናት፤ ከጎጃም ከባሏ ጋር መጥታ ባሏን ወባ የወሰደባት፣ ልጆቿን ይዛ የቀረች። ሌላዋ ሶሬቲ፣ የአገሩ ልጅ፣ አፏ እንደ ምላጭ፣ ክንዷ እንደ ወንድ። ሁለቱ አንድ ጉድጓድ በሽርክና ይቆፍሩ ነበር፤ አንዷ ስትቆፍር ሌላዋ ታጥባለች። የሽርክና ሥርዓቱ ዛሬም አለ፦ ጉድጓዱ የሰጠው ሁሉ እኩል ይከፈላል። ትልቅ ትንሽ የለም፣ ዛሬ የኔ ነገ ያንቺ የለም፣ እዚያው ወንዝ ዳር እኩል ነው። ዱቄቱን በቅጠል ላይ ዘርግተው በሣር ሰንጥቀው ይካፈላሉ። ያልተካፈለ ሸሪክ ጉድጓዱ ይናድበታል ይባላል፤ ይናድ አይናድ አላውቅም፣ ግን ማንም አይሞክረውም።

ጉድጓድ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ ወርቅ በሚታጠብበት ገበቴ ነው። የባለቤቶቹ ገበቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቶ እስካለ ድረስ ሌላ ሰው እግሩን አያስገባም። ሽማግሌ ፈርዶበት ገበቴው ከተነሣ ግን አለቀ፤ የቆፈርሽበት እጅሽ ቢላጥም ጉድጓዱ የሌላ ሰው ነው። የደብሪቱና የሶሬቲ ጉድጓድ በጋውን ሙሉ ከአፈር ጋር ጥቂት ዱቄት ብቻ ሲሰጣቸው ከርሞ፣ ገና ያኔ ነበር ወርቅ የተኛበት ጠጠር ላይ የደረሰው። የደብሪቱ ልጆች ከዚያች ጉድጓድ ሌላ እንጀራ የላቸውም። ነጋድራስም በዚያ ባለፈ ባገደመ ቁጥር አንገቱን አስግጎ ያያት ነበር።

አንድ ቀን ሴቶቹ የየድርሻቸውን ላባ አንድ ላይ አድርገው ወደ ነጋድራስ ሄዱ። መዘነ፣ አጉረመረመ፣ ለከሰልም ለወናፍም አስቀረ፣ ሰባት ድመት ሰጣቸው። ሦስት አንዷ፣ ሦስት አንዷ። አንዷ ድመት ግን መሃል ላይ ቀረች።

«ሳምንት አንቺ ጋ፣ ሳምንት እኔ ጋ ትደር» አለች ደብሪቱ።

«አይሆንም» አለች ሶሬቲ። «ድመት ቤት ትለምዳለች። አንቺ ጋ ከለመደች አትመለስልኝም።»

«እኔ ሌባ ነኝ?»

«አንቺ አይደለሽም፣ ድመቷን ነው የማላምናት።»

«እንኪያ አንቺ ያዣት!»

«እሱንም አልፈልግም፤ ነገ የኔ ልጅ ሲያስነጥስ 'የሰው ሐቅ በልታ ነው' ትያለሽ።»

እንዲህ ሲነታረኩ ዋሉ። ሽርክናው ሊፈርስ ደረሰ። ምን አለፋችሁ፣ ሶሬቲ መጨረሻ ላይ መጥረቢያዋን አነሣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ደብሪቱ ደንግጣ።

«ሥርዓቱ እኩል ነው የሚለው። እኩል አደርጋታለሁ።»

«የተቆረጠች ድመት እኮ...»

«ትሙት! ስትሞት ወርቅነቷ የት ይሄዳል? ወርቅ ሞቶ የሚሸት መሰለሽ?»

ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻትና መጥረቢያውን አሳረፈችባት። ድመቷ ለሁለት ተከፈለች። ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ አሉ። ውስጧ ቀይ ነበር። እንደ ሸክላ ስባሪ ቀይ! ወርቁ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ላይ ላዩን የተለበጠ ነው፤ ሆዷ መዳብ።

ሶሬቲ ግማሾቹን ከድንጋዩ ላይ አነሣች። ደብሪቱ የቀሩትን ድመቶች ከመቀነቷ ፈትታ አየቻቸው። በጋውን ሙሉ ያጠበችው፣ የልጆቿ ክረምት፣ መዳፏ ላይ ተኝቶ ጺሙን ወጥሮ ያያታል።

ወደ ነጋድራስ ሮጡ። ግማሿን ድመት ሲያሳዩት ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወዲያው ግን ቀደማቸውና እሪ አለ። «ገደሉኝ! ስሜን ገደሉት! ድመቴን ቆርጠው መዳብ አስገቡባት! ሽማግሌ ይጠራልኝ!» አያችሁ? ሌባው ከሳሽ ሆነ። እኔ ይሄን ስሰማ ገበቴዬን ወንዙ ውስጥ ልወረውረው ነበር፤ አክስቴ ነች እጄን የያዘችኝ።

በገበያው ቀን ዳኝነት ከሚታይበት ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። ሦስቱ ሽማግሎች በሦስቱ ድንጋዮች ላይ፣ ሕዝቡ መሬት ላይ። የዳኝነቱ ሥርዓት የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ታናሹ ይናገራል፣ መካከለኛው ይከተላል፣ ታላቁ በምርቃት ይዘጋል። ታላቁ ካልመረቀ ፍርዱ ገና ጥሬ ነው፣ አይበላም።

ነጋድራስ ካባውን አስተካክሎ ቆመ።

«አባቶቼ፣ አትቁረጡ ብዬ ነበር ወይስ አላልኩም?»

«ብለሃል» አሉ ግራዝማች።

«ለምን ነበር ያልኩት? ወርቅ ስስ ነገር ነው። ብረት ሲያርፍበት ይቆስላል። ሲቆስል ደግሞ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ደግሞ ይደማል። ቀይ የሆነው ለዚህ ነው።»

አሁን በፈጠራችሁ! ወርቅ ይደማል! እኔ ያኔ ብኖር ሳቄን የሚይዘው የለም ነበር። ግራዝማች ግን ጺማቸውን እያሻሹ «እውነት ነው፣ ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ። ከማን እንደሰሙ አልተናገሩም።

ደብሪቱ ተነሣች። «አባቶቼ፣ እኔ ክርክር አላውቅም። ወርቅ ሰጥቼ መዳብ ወስጃለሁ። ልጆቼ ክረምቱን ምን ይበሉ? ይሄን ብቻ ነው የምጠይቃችሁ።»

«ቀላል ነው» አለች ሶሬቲ ከኋላዋ፣ «ሌላ ድመት እንቁረጥ። የኛ ብቻ ከሆነ መዳቧ፣ እኛ አስገብተናል በሉ። ከእናንተ ሳጥን አንድ ይምጣና እንየው።»

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ ሰው መሆኑን የረሳው። ግራዝማች እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄደ፣ ቁልፉን ጨበጡት። ኦቦ ዲንሳም ጨበጡ። መሬት ላይ የተቀመጠው ሕዝብ መቀነቱን፣ ቋጠሮውን፣ ደረቱን ጨበጠ። ሁሉም አወቀ፤ አክስቴ እንዲህ ነው የምትለው፣ በዚያች ሰዓት ያላወቀ አንድም ሰው አልነበረም። ግን ድመቷ መዳብ ናት ከተባለ የማን ድመት ይቀራል? ዛሬ ወርቅ ናት ብለው ካደሩ ነገ በግ ይገዙባታል፤ መዳብ ናት ካሉ የተሰነጠቀ ምጣድ እንኳ አትጠግንም።

«አፋችሁን ዝጉ!» አለ አንድ ሰው ከሕዝቡ መሃል። «ልጄን በሚቀጥለው ወር እድራለሁ! ድመቷን ገድላችሁ በምን ልዳራት?»

«ሀብታም ልትሆኑ ፈልጋችሁ ነው!» አለች ሌላዋ። «የሰው ገበያ አታበላሹ!»

እስከ ትናንት ከደብሪቱ ጋር እሳት የሚጫጫሩ፣ ልጆቿን በየተራ የሚያዝሉ ሰዎች እኮ ናቸው! እኔ ነጋድራሱን ይቅር ልለው እችል ይሆናል፤ ሌባ ነው፣ ሥራውን ሠራ። እነዚህን ግን አልችልም። ዛሬም ጉምቢ ውስጥ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች አሉ፤ ስማቸውን አውቃለሁ፣ አልጠራም። ገበያ ላይ ሳገኛቸው ግን ዋጋ አልቀንስላቸውም።

«እሺ» አለ ነጋድራስ፣ ፈገግታው ተመልሶለት። «ወርቁ እንዲቆረጥበት የሚፈልግ ሰው ካለ ይምጣ!» ዞር ዞር ብሎ አየ። «የለም? አያችሁ አባቶቼ፣ ሕዝቡ ፈርዶልኛል። ለጠፋው ስሜ ካሳ እፈልጋለሁ። ድመት አልጠይቅም፣ ድሆች ናቸው። ጉድጓዷን ይስጡኝ።»

ደብሪቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ነጋድራስ ያን ሁሉ የለፈለፈው ለካ ጠጠር ላይ ለደረሰችው ጉድጓድ ነበር።

ግራዝማች ወንድይራድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እነዚህ ሴቶች ሕግ ጥሰው ቆርጠዋል፣ የሰው ስምም አጥፍተዋል። ገበቴያቸው ይነሣ።»

«ገበቴያቸው ይነሣ» አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ ሴቶቹን ሳያዩ፣ መሬቱን እያዩ።

የግራዝማች አሽከር ወዲያው ሄዶ ገበቴውን ከጉድጓዱ አፍ አነሣና እየሮጠ አምጥቶ ከሾላው ሥር ይዞት ቆመ። ገና ሳይመረቅ! ለሰው ጥፋት እንዲህ የሚቸኩል እግር ለውሃ ሲላክ ይታመማል። ሕዝቡ «አሜን» ለማለት መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። ሁሉም ወደ አባ ቢራቱ ዞረ።

አባ ቢራቱ አልመረቁም። አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ሊፈቱት ታገሉ፤ ቋጠሮው ጠብቋል። ፈትተው ለሶሬቲ ዘረጉላት።

«አንቺ አፈኛ፣ ነዪ። ቤቴን ታውቂዋለሽ። ሳጥኔን ክፈቺና የመጣልሽን አምጪ። አትምረጪ።»

«አባ!» አሉ ግራዝማች። «ምን እያደረጉ ነው? በረትዎ ሙሉ እኮ ነው እዚያ ውስጥ ያለው!»

«አንተ በረቴን ከመቼ ወዲህ ነው የምትጠብቀው?» አሏቸው።

ሶሬቲ ሄዳ አንድ እፍኝ ይዛ ተመለሰች። አባ ቢራቱ አንዷን አንሥተው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡና መጥረቢያውን ራሳቸው ያዙ። እጃቸው ደካማ ነው፤ መጀመሪያ ሳቱ። ማንም አልሳቀም። ሁለተኛው አረፈባት። ድመቷ ተከፈለች፤ ቀይ። ሌላ አስቀመጡ፤ ቀይ። በመሃል አንዷ ውስጧም ውጪዋም ወርቅ ሆና ተገኘች፤ የድሮዋ፣ የመጀመሪያዎቹ ወገን። እሷን ደብሪቱ እግር ሥር አኖሯት።

ነጋድራስ በዚህ መሃል ወደ በቅሎው አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ እያለ ነበር። ልንገራችሁና ይውጣልኝ፦ አመለጠ። ሁሉም መዳቡን አፍጥጦ ሲያይ እሱ እውነተኛውን ወርቅ በስልቻ ጭኖ በወንዙ ማዶ ወጣ። ማኅተሙን ግን ረስቶት ሄደ። የትም ሄዶ ነጋድራስ ተብሎ ይሆናል፤ ካባው አብሮት ነበርና።

ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ መዳቡ ድንጋዩ ላይ ተበትኖ እየታየ፣ ግራዝማች ወንድይራድ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ?

«እነዚህ ታመው ይሆናል» አሉ። «የአባ ቢራቱ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። እርጥበት ነው። የኔ ሳጥን ደረቅ ነው።»

ኦቦ ዲንሳም ትንሽ አሰቡና፣ «እንዲያም ሆኖ ፍርድ ከአፍ ወጥቷል» አሉ። «ሁለት ሽማግሌ ተናግሯል። ድመቷ ወርቅ ናት። አባ፣ ይመርቁና እንነሣ፤ ሕዝቡ እጁን እንደዘረጋ ነው።»

እውነት ነው፣ አንዳንዱ እጁን እንደዘረጋ ነበር። መዳብ እያየ አሜን ሊል!

አባ ቢራቱ ከድንጋያቸው ተነሡ። የአሽከሩን እጅ አላቅቀው ገበቴውን ወሰዱና ለደብሪቱ ሰጧት። «ሂጂ፣ መልሰሽ ድፊው። ያልተመረቀ ፍርድ ገበቴ አያነሣም» አሏት። እሷም ገበቴውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ልጅ ያቀፈች ነበር የምትመስለው አሉ። ሶሬቲ ክንዷን ይዛ አስነሣቻት።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ድንጋያቸው ይመለሳሉ ብሎ ሁሉም ሲጠብቅ አልተመለሱም። በትራቸውን ተደግፈው፣ አንድ ጉልበታቸውን ቀስ ብለው ሌላውን ቀስ ብለው አጥፈው፣ መሬት ላይ ሕዝቡ መሃል ተቀመጡ። ከጎናቸው ያለችው ሴትዮ ደንግጣ ነጠላዋን ልታነጥፍላቸው አለች፤ በእጃቸው ከለከሏት።

«አባ ቢራቱ፣ ቦታዎ እኮ እዚህ ነው!» አሉ ግራዝማች ከድንጋዩ ላይ ሆነው። «ምርቃቱስ?»

አባ ቢራቱ ከመሬት ቀና ብለው ሁለቱን ሽማግሎች፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠሉትንም ሁለት ቁልፎች ተራ በተራ አዩና፣ ከጎናቸው ለተቀመጠው ሕዝብ እንዲህ አሉት፦ «መዳብ የቆለፈ ዳኛ፣ ወርቅ ነው ይላል ለእኛ።»